ወታደር ሆኖ ጨጓራ ማስቆረጥ፦ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚያልቁ ጉዳዮች

ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ ከገባሁ ወዲህ ነጩን ጋውን አወለቅኩ እንጂ ጥያቄው አልቀረልኝም። ረጅም ዘመን በጦሩ ውስጥ ነርስ ስለነበርኩ የሠራዊቱ ልጆች ዛሬም ይደውሉልኛል። ድሮ የሚጠይቁኝ ስለ ወባና ስለ ጉልበት ሕመም ነበር። አሁን አሁን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሲስተር፣ ይሄ ጨጓራ ቆርጦ ማክሳት የሚባለው ነገር እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል።

እውነት ነው። ይሠራልም። ግን ለወታደር ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ሲቪሉ ከሐኪሙና ከኪሱ ጋር ከተስማማ አለቀለት። ወታደር ከክፍሉ ጋርም መስማማት አለበት። ኦፕራሲዮኑ ራሱ አንድ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ነው፤ ያንን ዓመት ደግሞ የምታሳልፉት ካምፕ ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ሐኪም፣ በመጨረሻ ቢላ።

ለእናንተ ነው ወይ?

ሆድ ስለገፋ ብቻ ማንም ጨጓራውን አይቆረጥም። ሂሳቡን ቤታችሁ ሥሩት። ቁመታችሁን በሜትር ያዙና በራሱ አባዙት። ክብደታችሁን በኪሎ ለዚያ ቁጥር አካፍሉት። ቁመቱ 1.70 ሆኖ 112 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 38.8 ይመጣል። ቢኤምአይ የሚሉት ይህንን ነው። ስትመዘኑ ቡት ጫማችሁን አውልቁ እንጂ! ከነቡቱና ከነቀበቶው ሚዛን ላይ ወጥቶ «ሲስተር ሚዛኑ ተበላሽቷል» ያለኝ ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የወጣው መስፈርት ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ኖሯል። ቁጥሩ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት ሰው ይሠራለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት መስፈርቱን ዝቅ አደረጉት። አሁን ከ35 በላይ የሆነ ሰው ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርበትም ይታያል። ከ30 በላይ ሆኖ ስኳር ያለበትም እንደዚሁ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ጡንቻም ይመዝናል። ደረቱ የሰፋ የስፖርት አሠልጣኝ በቁጥር ብቻ «ወፍራም» ሊባል ይችላል። ወገባችሁንም በሜትር አስለኩ።

ክብደት የሚቀንሰው መርፌስ? ሴማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት በትልቁ ጥናት ላይ በአማካይ 15 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሷል። ኦፕራሲዮኑ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። መርፌው ሲቆም አብዛኛው ኪሎ ይመለሳል፤ ፍሪጅም ይፈልጋል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ቢሆንም ቁጥራችሁ ከ30 ብዙም ካላለፈ መጀመሪያ ስለዚህ ሐኪም አነጋግሩ።

ወረቀቱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚዘለው ይህንኑ ነው።

አንድ ሾፌር የዓመት ፈቃዱን ወስዶ በድብቅ ተሠርቶ ተመለሰ። ለአለቃው «ትርፍ አንጀት ነው» አለ። የተሠራለት ግን ባይፓስ የሚባለው፣ ጨጓራን ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያጋጥመው ኦፕራሲዮን ነበር። ወር ሁለት ወር ደህና ሰነበተ፤ ኪሎውም ወረደ። ከዚያ የረጅም ርቀት ጉዞ ወገቡን ያዘውና ወደ ክሊኒክ ሄደ። የክሊኒኩ ልጅ ምኑን ይወቅ? እንደማንኛውም ወታደር ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ወጋው፤ አይቡፕሮፌንም ጨመረለት። ብዙም ሳይቆይ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር አስመለሰው። ባይፓስ የተሠራ ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስድ ጨጓራው ከአንጀቱ የተጋጠመበት ቦታ ይቆስላል፤ ይደማል። ልጁ ተርፏል። ግን የተቀበሉት ሐኪሞች መጀመሪያ የፈለጉት የትርፍ አንጀት ጠባሳውን ነበር።

ስለዚህ አትደብቁ። ከክፍላችሁ ክሊኒክ ጀምሩ። በየወሩ ሄዳችሁ ክብደታችሁንና ግፊታችሁን በካርዳችሁ ላይ አስመዝግቡ። «ስፖርትና አመጋገብ ሞክሬያለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የተጻፈ መረጃ ያስፈልጋል። ከዚያ ሪፈር ጠይቁ። ሐኪም ቤት ስትደርሱም በሪፈሩ ላይ «የሠራዊት አባል» የሚለው መጻፉን አረጋግጡ፤ ሐኪሙ ስለ ሥራችሁ የሚያስበው ያኔ ነው።

ለክፍላችሁ አመራርና ለሕክምና ኃላፊው አጭር ማመልከቻ ጻፉ። የምትጠይቁት ግልጽ ይሁን። ወጪው የማን ነው? የማርፍበት ጊዜ ከዓመት ፈቃዴ ይቆረጣል ወይስ የሕመም ፈቃድ ነው? ስመለስ ቀላል ሥራ ላይ ለስንት ጊዜ እቆያለሁ? ከዚያ በኋላ ለግዳጅ ብቁ መሆኔን የሚወስነው ማነው፣ የሕክምና ቦርድ ፊት እቀርባለሁ ወይ? ሌሊት ችግር ቢገጥመኝ በየትኛው ሐኪም ቤት እታያለሁ? መልሱን በቃል አትቀበሉ። ማኅተም ያረፈበት ይሁን፤ ኮፒውን ቤታችሁ አስቀምጡ። አለቃ ይቀየራል። «ችግር የለም፣ ሂድ» ያላችሁ ሻለቃ እናንተ ስትመለሱ ሌላ ቦታ ተመድቦ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ጦር ውስጥ ነው። ስደውልለት፣ «አክስቴ፣ እዚህማ የባሰ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የመከላከያ ሚኒስቴራቸው የሕክምና መመሪያ፣ ለክብደት ብሎ ጨጓራውን የተሠራ ሰው ጦሩን መቀላቀል እንደማይችል በግልጽ አስቀምጧል፤ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ትራይኬር የሚባለው የወታደሮች የጤና መድንም መስፈርቱን ላሟሉ ጡረተኞችና ቤተሰቦች ይከፍላል። በሥራ ላይ ላለው ወታደር ግን ይህን ኦፕራሲዮን አይሸፍንም። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ወታደር በማንኛውም ሰዓት የትም ሊላክ ይችላል። ጨጓራው የተቆረጠ ሰው ደግሞ ቫይታሚን፣ በቂ ውኃና በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። ምሽግ ውስጥ እነዚህን ማን ያቀርብለታል? የእኛም አለቆች የሚያስቡት ይህንኑ ነው። ማመልከቻችሁ ላይ ለዚህ ሥጋት አስቀድማችሁ መልስ ብትጽፉ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

የትኛው ዓይነት፣ ማን ጋ?

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራው ከሦስት አራተኛ በላይ ቆርጦ ያወጣና ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ያስቀራል። የተቆረጠው አይመለስም። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያጋጥማል። ስኳር ላለበትና ቃር ለሚያሰቃየው ሰው ብዙ ጊዜ ባይፓስ ይመረጣል፤ ስሊቭ ቃርን ሊያብስ ይችላልና። በሌላ በኩል ባይፓስ የቫይታሚን እጥረቱ ይብሳል፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንንም ዕድሜ ልክ ያስከለክላል። ጉልበቱና ወገቡ የሚያመው እግረኛ ይህንን ለቀዶ ሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

«ቱርክ፣ ሆቴሉን ጨምሮ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ስልካችሁን አጥለቅልቀውት ይሆናል። ጎበዝ ሐኪም እዚያም አለ። ግን ወታደር ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ይፈልጋል። ደግሞስ ሐዋሳ ላይ ሲያስመልሳችሁ ኢስታንቡል ያለው ሐኪም ምን ይፈይዳል? እኔ ብጠየቅ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ዓመት ሲሞላ ፊት ለፊት ሊያየኝ የሚችለውን እመርጣለሁ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት፣ ይታዘዛል። እኛ አገር ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የሌለበት ጨጓራ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ከተገኘ አስቀድሞ መታከም አለበት። ማንኮራፋታችሁን ደግሞ አልጋ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። «ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል» ካላችሁ ቀልድ አይደለም፤ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ንገሩት። ሲጋራ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይቁም። መጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ጉበቱን የሚያሳንስ፣ ስብና ስታርች የቀነሰ አመጋገብ ይሰጣችኋል። ጉበት ካበጠ በካሜራ ለሚሠራው ሐኪም ጨጓራውን ይሸፍንበታል። «የመጨረሻዬ ነው» ብላችሁ የስንብት ክትፎ የምትበሉበት ጊዜ አይደለም።

የመልስ ጉዞ

አዲስ አበባ የተሠራ ሰው ወደ ሐዋሳ ሲመለስ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ከሚገድሉት አንዱ እግር ላይ ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም ነው። ቁጭ ብሎ ረጅም መንገድ መጓዝ ደግሞ ይህንኑ ይጋብዛል። የሕዝብ ማመላለሻ ተዉት፤ ሾፌሩ ለእናንተ ብሎ አይቆምም። የሚያደርሳችሁ ሰው ፈልጉ። ሞጆ ላይ ውረዱና ተራመዱ። ዝዋይ ላይ እንደገና፣ ሻሸመኔ ላይም እንደገና። በመሃል ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። ደም የሚያቀጥን መርፌ ከታዘዘላችሁ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አታቋርጡ። ልብ በጣም ከመታ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ወይም ትከሻ በኃይል ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቤት አትቀመጡ። የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ካምፕ ውስጥ መብላት

መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ ነው። ውኃ፣ የተጣራ ሾርባ፣ ስኳር የሌለው ሻይ። ቀጥሎ ወተት፣ እርጎ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት። ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ። ወደ መደበኛው ምግብ የሚደረሰው ሁለተኛው ወር ገደማ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ ሐኪማችሁ ይቁጠረው፤ ጓደኛችሁ «እኔ በሁለተኛው ሳምንት ጥብስ በልቻለሁ» ቢላችሁ እሱ ዕድለኛ ነው።

ለውኃ የአረቄ መለኪያ ግዙ። እየቀለድኩ አይደለም። አዲሱ ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ያንን ያህል ነው። መለኪያውን ሞልታችሁ ቀስ ብላችሁ ጠጡ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙ። በቀን ወደ አንድ ሊትር ተኩል መድረስ አለባችሁ። በሐዋሳ ሙቀት፣ ከነዩኒፎርሙ፣ ይህ ሥራ ነው። ምግብና ውኃ አብረው አይሄዱም። ከበላችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና ጠጡ።

ከሁሉ የሚቀድመው ፕሮቲን ነው። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም። ይህን ያህል ሳታገኙ ብትከሱ የሚጠፋው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ይሄዳል። ጡንቻ የሌለው ወታደር ደግሞ ምን ይሠራል? አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይሰጣል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 8 ግራም ይሆናል። የሐዋሳ ሰው ግን የታደለ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርዳችሁ ቆሮሶ ዓሣ ግዙ፤ ልጆቹ እዚያው ልጠው፣ አጥንቱን ለይተው ይሰጧችኋል። በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ቀቅሉት። በጣታችሁ እየነካካችሁ እሾህ መቅረት አለመቅረቱን እዩ፤ ከዚያ በሹካ አድቅቁት። 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የተፈጨ ምግብ ሲፈቀድላችሁ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። በዳጣ የሚበላው ጥሬው ዓሣ ግን ይቅርባችሁ።

የምግብ አዳራሹ ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ የሚበላው በጥድፊያ ነው። እናንተ ደግሞ በትንሽ ማንኪያ፣ እያኘካችሁ፣ ወደ ግማሽ ሰዓት ትፈልጋላችሁ። የወጥ ቤቱን ኃላፊ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። «ምስር ክኩ በርበሬ ሳይገባበት አንድ ጭልፋ ለይልኝ» ማለት ነውር የለውም። እንጀራና ዳቦ ለመጨረሻ ይቆዩ፤ ብዙ ሰው ላይ ይከብዳሉ። ጉርሻም አስቸጋሪ ነው። አንድ ደህና ጉርሻ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሙሉ ምሳችሁ ነው። ጓድ ስላጎረሰ ተብሎ አይዋጥም፤ ሐኪም ከለከለኝ በሉ።

ደረቅ ስንቅን በተመለከተ፣ ኮቾሮ ለዚህ ጨጓራ አልተሠራም። በሶ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቀጥኖ፣ በትንሹ፣ ያለ ስኳር። ባይፓስ ያለው ሰው በሶ በስኳር በጥብጦ ቢጠጣ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ይዞርበታል፣ ተቅማጥም ይከተላል። ስኳሩ አንጀት ውስጥ ድንገት ስለሚገባ ነው። ጥበቃ ላይ ሆናችሁ ይህ እንዲደርስባችሁ አትፈልጉም።

ፆሙን ብዙዎች ይጠይቁኛል። ዐቢይ ፆም 55 ቀን ነው፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ከባድ ነው። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሄዳችሁ የሐኪም ወረቀቱን አሳዩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መፍትሔ አላት። ዓሣ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክርም ለእሳቸው ተዉት። ረመዳን የሚፆም ወንድም ደግሞ ዋናው ችግሩ ውኃ ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ የቀኑን ውኃ መጠጣት የማይችል ጨጓራ ይዟል። እሱም ሐኪሙንና ሼኩን ያማክር።

አረቄውን፣ ጠጁን፣ ቢራውን በአጭሩ ልበል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ድሮ በሦስት ቢራ የማይነቃነቅ ሰው በአንዱ ይሰክራል። በሁለተኛው ዓመት መጠጥ ውስጥ የሚገቡ እንዳሉም ይታወቃል። መሣሪያ የያዘ ሰው ባይጠጣ ነው የሚሻለው። ጫትም ረሃብንና ጥማትን ያስረሳል፤ ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ ማስታወስ ነው።

ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ካርድ

በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። የተሠራላችሁ ዓይነትና ቀን ይጻፍበት። «ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰል ማስታገሻ አይሰጥ፤ ፓራሲታሞል ይሰጥ» ይበል። «በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ ያለ ቀዶ ሐኪም ምክር አይግባ» ይበል። «ትውከቱ ካልቆመ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 ይሰጥ» የሚለውም ይጨመር። ቢ1 ያለቀበት ሰው ላይ ግሉኮስ ብቻ ሲንጠለጠል አንጎል ይጎዳል። የሐኪማችሁን ስልክም ከታች አስፍሩ። አንዱን ኮፒ ለክፍሉ ክሊኒክ ስጡ።

የስኳርና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጠኑ ወዲያው መስተካከል አለበት። በድሮው መጠን ከቀጠላችሁ ስኳራችሁ ወርዶ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ቀስ በቀስ እንዲሟሟ የተሠራ እንክብልም ባይፓስ ላለው ሰው በደንብ አይሠራም፤ ይቀየርላችሁ። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው፦ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ብረትና ካልሲየም በአንድ ላይ አይዋጡም፤ አንዱ ሌላውን ያግደዋል። ጠዋትና ማታ ለዩአቸው። ለግዳጅ ስትወጡ የሦስት ወሩን በአንዴ ይዛችሁ ውጡ።

ለሴት የሠራዊት አባላት አንድ ነገር፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እስኪሞላ እርግዝና አይመከርም። ባይፓስ ከሆነ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ላይ አትተማመኚ፤ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፑ ይሻላል። ኪሎ ሲቀንስ ማርገዝ እንደሚቀልም እወቂ።

ወደ ሥራ ስትመለሱ

በተሠራችሁበት ቀን ተነስቶ መራመድ ግዴታ ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የለም፤ ጥይት ሳጥንም፣ ጎማም። የቢሮ ሥራ ከዚያ በፊት ይቻላል። ችግሩ የወታደራዊ ስፖርቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትበሉት በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ነው። በዚያ ላይ ስንቅና ትጥቅ ተሸክሞ ረጅም ጉዞ መሄድ ራስን መጣል ነው። የቀላል ሥራ ወረቀቱ ላይ «ከባድ ሥራ አይሠራም» ብቻ አይጻፍ። ሐኪሙ ስንት ኪሎ፣ እስከ መቼ፣ ሩጫ ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ይጻፍላችሁ። የመቶ መሪያችሁ ሐኪም አይደለም፤ ግልጽ ቁጥር ካየ ያከብራል።

ልብሱስ? ኪሎው በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያው ስድስት ወር ስለሆነ ዩኒፎርም ደጋግማችሁ ትቀይራላችሁ። ግምጃ ቤቱን አስቀድማችሁ አሳውቁ። የሚተርፈው ቆዳ ቀበቶ ሥር ይታጠፋል፤ ላብ ሲገባበት ይላጣል። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ ወደ ሱሪው አስገብታችሁ ልበሱ፤ ማታ ታጥባችሁ በደንብ አድርቁት።

የደም ምርመራው በሦስት፣ በስድስትና በአሥራ ሁለት ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ነው። ሄሞግሎቢን፣ ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ ይታያሉ። ወደ ሌላ ክፍል ስትዘዋወሩ ፋይሉ እስኪከተላችሁ አትጠብቁ። የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት፣ የመጨረሻውን የላቦራቶሪ ውጤትና ያንን ማኅተም ያለበትን መልስ ኮፒ አድርጋችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በደረሳችሁ ሳምንት አዲሱ ክሊኒክ ገብታችሁ አስመዝግቡ።